ከጥቁር እንጨት እስከ ድንጋይ ሽበት፦ በቅጽራችን ያለውን የዕፅዋትና የአልጌ ብዝኃነት ስለ ማጥናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጦር ኃይሎች የባቡር ጣቢያ ወርዶ ጥቂት በእግሩ የተጓዘ ሰው በሱቆችና በፎቆች መካከል ድንገት አረንጓዴ ቅጽር ያጋጥመዋል። የታክሲ ረዳቶች ጥሪና የመኪናው ጡሩምባ ሳያቋርጥ፣ ከግንቡ ወዲያ ጥድ፣ ወይራና ባሕር ዛፍ ቆመው ይታያሉ። ባለፈው ክረምት ከዚህ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አንድ ጥያቄ ደረሰን። ምእመናኑ በዝተው ቦታው ስለ ጠበበ አዳራሽ ሊሠራ ታስቧል፤ አዳራሹ በሚያርፍበት ስፍራ ዛፎች አሉ፤ ስለዚህ «በቅጽሩ ስንት ዛፍ እንዳለ ቆጥራችሁ ንገሩን» የሚል ነበር።

እኛም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጋር ሆነን ቆጠርን፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፈን አስረከብን። ከቅጽሩ ልንወጣ ስንል ለረጅም ዘመን በጥበቃ ያገለገሉ አንድ አረጋዊ ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ ያቺን ጥቁር እንጨት ከባሕር ዛፉ ጋር አንድ አድርጋችሁ ቆጠራችኋት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እርሳቸው ያሳዩን ዛፍ በቅጽሩ ውስጥ ከወገኑ ብቸኛው ነው። በእኛ ወረቀት ላይ ግን እንደ ማንኛውም ግንድ «አንድ» ተብሎ ተደምሯል። ቁጥራችን ልክ ነበረ፤ ጥናታችን ግን ጥናት አልነበረም።

ይህ ትምህርት ከዚያ ዕለት ሐፍረት የተነሣ ነው። በሐሩር ክልል በሚገኝ አገር የዕፅዋትና የአልጌ ብዝኃነት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ሊቃውንቱ እንዴት እንዳጠኑትና አንድ አጥቢያ በራሱ ቅጽር እንዴት ሊያጠናው እንደሚችል በቅደም ተከተል እናያለን።

የሐሩር ክልል ስንል

ብዙዎቻችን «ሐሩር» ሲባል በረሃ ወይም ጥቅጥቅ ያለ የቆላ ጫካ ይታሰበናል፤ የደጋው ሰውም ራሱን ከዚህ ክልል ውጪ ያደርጋል። ነገር ግን የሐሩር ክልል ሰሜናዊ ወሰን ከምድር ወገብ 23.5 ዲግሪ ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው መካከል ተዘርግታ ስለምትገኝ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ናት። በጦር ኃይሎች በሐምሌ ማለዳ ጋቢ ለብሶ የሚያስቀድሰው ምእመን ሳይታወቀው የሐሩር ክልል ነዋሪ ነው።

ብርዱ የመጣው ከከፍታው ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። አገራችን ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የዳሎል ረባዳ ተነሥታ ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው ራስ ደጀን ትወጣለች። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የለዩአቸው የአየር ጠባያት የዕፅዋትም ሰፈሮች ናቸው። በቆላው ግራርና በቤተ ክርስቲያን የምናጥነውን ዕጣን የሚሰጠው ዛፍ፣ በወይና ደጋው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባና ቡና፣ በደጋው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ፣ በውርጩ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ። ተራሮቻችን በቆላ የተከበቡ ደሴቶችን ስለሚመስሉ፣ በአንዱ ከፍታ የበቀለ ወገን ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም። በዚህም የተነሣ እንደ ጅብራ ያሉ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ዕፅዋት በዝተዋል።

በሐሩር ክልል ዓመቱን የሚከፍለው ከብርዱ ይልቅ ዝናቡ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጠንቅቃ ስለምታውቅ የዝማሬዋንና የምንባቧን ሥርዓት ከዝናቡና ከአበባው ጋር አስተባብራለች። ሰኔ 26 ዘመነ ክረምት ይገባል፤ መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ይተካል። በየአጥቢያው የሚያገለግል ካህን፣ ልብ ካለ፣ የአደይ አበባን መፍካትና የጠሉን መውረድ ከዓመት ዓመት ለመመዝገብ የተዘጋጀ አቆጣጠር በእጁ ይዟል።

የሠሉስ ፍጥረታት

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን በሠሉስ፣ ማለትም በማክሰኞ ዕለት፣ የተፈጠሩት በሦስት ይመደባሉ፦ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት። ይህን ለወጣቶቹ ስናስረዳ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ከጠበሉ መውረጃ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በጣቷ አንሥታ፣ «ይህስ ከየትኛው ነው? በእጅ አይለቀም፣ በማጭድ አይታጨድ፣ በምሳር አይቆረጥ» ስትል ጠየቀች።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበረ። የአባቶች አከፋፈል ፍጥረቱ ለሰው ልጅ የሚያገለግልበትን መንገድ መሠረት ያደርጋል፤ የዘመኑ የዕፅዋት ሊቃውንት አከፋፈል ደግሞ የአካሉን አሠራርና የዘር ዝምድናውን ይከተላል። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ገበሬ በሬውን በሥራው፣ ሐኪም በአጥንቱና በደሙ እንደሚያውቀው ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ስለ ሰሎሞን ጥበብ የተጻፈውን እናስታውስ። ስለ ዛፎች የተናገረው ከሊባኖስ ዝግባ ጀምሮ በግንብ ላይ እስከሚበቅለው ሂሶጵ ድረስ ነበር። ትልቁን አይቶ ትንሹን አልናቀም። ጥናት ከዚህ ይጀምራል።

ዕፅዋት፦ መቁጠርና መለየት

የአገራችን ዕፅዋት በሥርዓት ተለይተው የተመዘገቡት በእኛው ዘመን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግቦ የማሳተም ሥራ ጀመሩ። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ኢንጋ ሄድበርግ፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳና ሌሎች ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ይህ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. በስምንት ቅጽ ተጠናቀቀ። በውስጡም 6,000 ያህል ዓይነት ዕፅዋት ተገልጸዋል፤ ከእነዚህም ከአሥር አንድ ያህሉ ከዚህ ምድር ውጪ በተፈጥሮ አይገኙም። ደርቀውና ተለጥፈው፣ መቼና የት እንደ ተለቀሙ ተጽፎባቸው የተቀመጡት ናሙናዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በብሔራዊው የዕፅዋት ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

ለመሆኑ ብዝኃነት እንዴት ይለካል? ሁለት ቅጽሮችን በምሳሌ እንውሰድ። በሁለቱም 100 ዛፎችና 10 ዓይነት ዕፅዋት አሉ እንበል። በመጀመሪያው ቅጽር ከየዓይነቱ 10፣ 10 ዛፍ አለ። በሁለተኛው 91ዱ ባሕር ዛፍ ሲሆን የቀሩት ዘጠኙ ዓይነቶች አንድ አንድ ግንድ ብቻ አላቸው። በዛፍ ብዛትም በዓይነት ብዛትም እኩል ናቸው። ነገር ግን ዓይኑን የተሸፈነ ሰው ሁለት ዛፍ ቢነካ፣ የነካቸው የተለያየ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው በመጀመሪያው ቅጽር ከ100 ወደ 91 ገደማ፣ በሁለተኛው ግን 17 ገደማ ነው። የሁለተኛው ቅጽር ሀብት በዘጠኝ ግንዶች ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ምሳር አንድን ዓይነት በአንድ ቀን ከዝርዝሩ ይፍቃል። ስለዚህ አጥኚ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ግንድ? ስንት ዓይነት? ከየዓይነቱስ ስንት?

አራተኛም ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ተተኪ አለው ወይ?» የሚለው ነው። በእመጓ መጽሐፋቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶና ተግጦ ባለቀበት፣ እነዚህ ዕፅዋት የቀሩት በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ተጠልለው ነው። ይህ አባቶቻችን ያቆዩልን ክብር ነው። ጥናቱ ግን አመስግኖን ብቻ አላበቃም። ከብት በሚገባባቸው ደኖች ችግኝ ከመሬት ቀና ሳይል ተረግጦና ተበልቶ እንደሚያልቅ አሳይቷል። ከደኑ ሥር ያለው አፈር ሲመረመርም በውስጡ የተገኘው የተኛ ዘር አብዛኛው የሣርና የአረም ሆኖ፣ የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር ሳይገኝ ቀርቷል።

ይህ የመጨረሻው ግኝት ሊጤን ይገባዋል። የጤፍን ዘር በጎተራ ለዓመታት ማኖር ይቻላል፤ የጥቁር እንጨት ዘር ግን ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። አፈሩ ለእንዲህ ያለ ዛፍ ጎተራ አይሆነውም። ጎተራው ቆሞ የሚታየው እናት ዛፍ ራሱ ነው። እርሱ ሲቆረጥ የዛሬው ጥላ ብቻ አይጠፋም፤ የነገው ዘርም አብሮ ይሄዳል። ጥቁር እንጨት ደግሞ ቅርፊቱ ለወንዶች የፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ በዓለም ገበያ ብዙ የተጎዳ፣ ዓለም አቀፍ ንግዱም በስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ዛፍ ነው። አረጋዊው ጠባቂ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አላነበቡም፤ ያቺ ዛፍ ብቻዋን መሆኗን ግን ያውቁ ነበር።

አልጌ፦ የማይታየው አዝመራ

ተማሪዋ በጣቷ ያነሣችው ነገር አልጌ ነው፤ በአማርኛ ዋቅላሚም ይባላል። አልጌዎች እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ነገር ግን እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የላቸውም። አብዛኞቹ ያለ ማጉያ መሣሪያ አይታዩም። «አልጌ» የሚለው ስም አንድን ቤተሰብ ብቻ የሚጠራ አይደለም። ለዕፅዋት የቅርብ ዘመድ የሆኑት አረንጓዴዎቹ፣ እንደ መስታወት ያለ ቅርፊት የለበሱት ዳያቶሞች፣ እንዲሁም በአካላቸው አሠራር ከባክቴሪያ ወገን የሆኑት ሰማያዊ አረንጓዴዎቹ በዚሁ ስም አብረው ይጠራሉ። በምድር ላይ በብርሃን ከሚዘጋጀው ምግብ ግማሽ ያህሉን የሚያዘጋጁት በባሕር የሚንሳፈፉት እነዚህ ደቃቃን ናቸው። ባሕር የሌለን ብንሆንም የምንተነፍሰው አየር የእነርሱም ሥራ ነው።

በቅጽራችን አልጌን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአሮጌ ድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚታየው ሽበት መሳይ ነገር የፈንገስና የአልጌ ማኅበር ነው። ፈንገሱ ቤቱንና እርጥበቱን ይሰጣል፤ አልጌው ምግቡን ያዘጋጃል። ሁለቱ ተስማምተው ለየብቻቸው ሊኖሩ በማይችሉበት ደረቅ ዐለት ላይ ይኖራሉ። ስለ አንድነት ኑሮ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በእጁ አጠገብ አይገኝም። ከእነዚህ ውስጥ ጢም መስለው የሚንጠለጠሉት፣ የዛፍ ሽበት የምንላቸው፣ የተበከለ አየር አይችሉም። በመናገሻ ሱባ ደን አሮጌ ጥዶች ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ በጦር ኃይሎቹ ቅጽር ግን ከቅርፊት ጋር የተጣበቀውን ጠፍጣፋውን እንጂ ጢም መሳዩን አላገኘንም። ይህ ብቻውን የአየሩን ብክለት አያረጋግጥም፤ የደኑና የከተማው እርጥበትም ይለያያል። ሆኖም ተማሪዎቹ በየዓመቱ የሚመለሱበት መልካም ጥያቄ ሆኗል።

በቤታችንም አልጌ አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በቢጫ ጀሪካን ያጠራቀመውን ውኃ ፀሐይ ላይ ካቆየው ውስጡ አረንጓዴ ይሆናል። በጥቁር ሮቶ የተቀመጠው ግን አይሆንም። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ጥቁሩ ሮቶ ብርሃን አያስገባም፤ ብርሃን ከሌለ አልጌ አይበቅልም። ጠበል በነጭ ፕላስቲክ ቀድተው በመስኮት ላይ ለሚያኖሩ ምእመናንም ይህ ትምህርት ይጠቅማል። እቃውን አጥቦ መክደንና ከብርሃን ማራቅ ይበቃል።

ወደ ሐይቆቻችን ስንወጣ የአልጌው ሥራ ይገዝፋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው በውስጡ ከሚበዛው ስፓይሩሊና ከሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ነው። በጪቱ ሐይቅ ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው ይህንኑ ነው። በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያሉ የካነም ሴቶች ከውኃው ላይ ሰብስበው በአሸዋ ላይ ያደርቁትና «ዲሄ» ብለው ለወጥ ይጠቀሙበታል። ሁሉም አልጌ ግን ምግብ አይደለም። በቆቃ የግድብ ሐይቅ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ውኃውን በማፍላት አይጠፋም። መርዘኛውንና ምግብ የሚሆነውን በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል ዓይነትን ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። እምቦጭ አልጌ አይደለም፤ ሥርና ቅጠል ያለው፣ የሚያብብ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። እምቦጭና ጎጂው አልጌ ግን የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው። ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከተሸረሸረ አፈርና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጡት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሁለቱንም ያፋፋሉ። እምቦጩን በእጅ መንቀል አስፈላጊ ነው፤ ገበታው እስካልተነሣ ድረስ ግን እንግዳው ይመለሳል።

የእኛም ሰፈር ከዚህ ነፃ አይደለም። የምዕራብ አዲስ አበባን ፍሳሽ የሚቀበለው ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ዳያቶሞችና በወንዝ ወለል የሚኖሩ ትናንሽ ፍጥረታት ተነጻጽረው ተመርምረዋል። ብክለቱ እጅግ በበረታበት ስፍራ ሌሎቹ ፍጥረታት ሲጠፉ ዳያቶሞች ግን ተገኝተዋል፤ የትኛው ዓይነት እንደ ተገኘም የብክለቱን መጠን ይመሰክራል። ሁሉ ከጠፋ በኋላ የሚመሰክር ፍጥረት አልጌ ነው ማለት ነው።

በአንድ ቅጽር እንዴት ይጠናል?

አንደኛ፣ ፈቃድና ምክር ይጠየቃል። ከአስተዳዳሪው አባት ቡራኬ፣ ከአረጋውያኑ ደግሞ የዛፎቹ ስምና ታሪክ ይወሰዳል። እኛ ይህን አስቀድመን ብናደርግ ኖሮ በወረቀታችን ባላፈርን ነበር።

ሁለተኛ፣ ቅጽሩ ትንሽ ከሆነ እያንዳንዱ ዛፍ ይመዘገባል። ሰፊ ደን ከሆነ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆኑ መደቦች በገመድ ተከልለው በውስጣቸው ያለው ብቻ ይቆጠራል። መደቦቹ ከደኑ ጠርዝም ከመካከሉም ሊወሰዱ ይገባል፤ በመንገዱ ዳር ያለውን ብቻ የቆጠረ የደኑን ልብ አላየም።

ሦስተኛ፣ የግንዱ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ በሜትር ይለካል፤ ለ3.14 ሲካፈል ውፍረቱ ይገኛል። ከዛፉ ሥር ያሉ ችግኞች ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ሽማግሌ ብቻ ያለበት ደን ልጅ እንደሌለበት መንደር ነውና።

አራተኛ፣ ስሙ ካልታወቀ ዕፅ ላይ ቅጠልና አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ትንሽ ቀንበጥ ተወስዶ በጋዜጣ መካከል ይደረግና በክብደት ተጭኖ ይደርቃል። ቀኑ፣ ስፍራው፣ የአካባቢው ስም፣ የአበባው ቀለምና የዕፁ ቁመት ይጻፍበታል። ጽሑፍ የሌለው ናሙና ስም የሌለው መቃብር ነው። ከወገኑ ብቸኛ ከሆነ ዛፍ ላይ ግን በዛፉ ላይ ጉዳት በማያደርስ መጠን ብቻ ይወሰድ፤ ፎቶግራፍ ከበቃም ይቅር።

አምስተኛ፣ ለኩሬና ለሐይቅ ውኃ ቀላል መለኪያ አለ። በ1865 እ.ኤ.አ. አንጀሎ ሴኪ የተባለ ካህንና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነጭ ክብ ሳሕን በገመድ ወደ ባሕር እየሰደደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ። ዛሬም 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭና ጥቁር የተቀባ ሳሕን በዚሁ መንገድ ይሠራል። በየወሩ በአንድ ስፍራና በአንድ ሰዓት ቢለካ ውኃው እየጠራ ወይም እየደፈረሰ መሄዱን ያሳያል። ደፈረስ ያለው ከጭቃ ይሁን ከአልጌ ለመለየት ውኃውን በብርጭቆ አድርጎ ማየት ነው፤ ጭቃ ይዘቅጣል፣ አልጌው ግን አረንጓዴነቱን ይዞ ይቆያል ወይም ይንሳፈፋል።

ስድስተኛ፣ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በአጥቢያው መዝገብ ቤት ይቀመጥ። ያጠናው ወጣት ወደ ሌላ ሰፈር ቢሄድ ጥናቱ አብሮት እንዳይሄድ ነው።

ከሥራችን ጋር ሲመዛዘን

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን አውጥተን አይደለም። እኛ የልማት ሠራተኞች ለዓመታት በሪፖርታችን የምንጽፈው የተተከለውን ችግኝ ቁጥር ነበር። በሠራንበት በአንድ የገጠር ስፍራ አንድ ዓይነት የፈረንጅ ጥድ ረድፍ በረድፍ ተክለን፣ ቁጥሩን በኩራት ጽፈን ተመልሰናል። ከዓመታት በኋላ ስንሄድ ዛፎቹ አድገው ነበር፤ ከሥራቸው ግን ሣርም ቁጥቋጦም እምብዛም አልነበረም። አንዲት እናት፣ «ዛፉስ መልካም ነው ልጄ፤ ቀጋውና አጋሙ ግን ወዴት ሄደ?» አሉን። ልጆች በጾም የሚለቅሙት ፍሬ፣ ንብ የምትቀስመው አበባ፣ ለመድኃኒት የሚቆረጠው ቅጠል በእኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

አንድ የተናቀ ዕፅ ምን ሊሠራ እንደሚችል እንዶድ ምስክር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ዕፅ በየቤቱ አጥር መኖሩ በዚህ ታወቀ። እንዶዱን እናቶች ለዘመናት ያውቁታል፤ አዲሱ ነገር የሚያውቁትን በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው መምጣቱ ነው።

ወደ ጦር ኃይሎቹ ቅጽር ስንመለስ

ከአረጋዊው ጥያቄ በኋላ እንደ ገና ገብተን፣ በዚህ ጊዜ በዓይነት ለይተን መዘገብን። አብዛኞቹ ግንዶች ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ሆነው ተገኙ። አሮጌዎቹ ወይራዎችና ብቸኛዋ ጥቁር እንጨት ግን አዳራሹ በሚያርፍበት ወገን ናቸው። አዲሱን መዝገብ ይዘን በሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው ያነሡት ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፤ «ዲያቆን፣ ሕዝቡ በዝናብ ቆሞ ይማራል። ሕፃናቱ የሚማሩበት ጣሪያ የለም። አንድ ዛፍ ቆርጠን አሥር ብንተክል ምን ይጎድላል?» አሉ።

የመለስንላቸውን ለእናንተም እንመልሳለን። ሕዝቡ ከዝናብ መጠለል ይገባዋል፤ አዳራሹም ይሠራ። ባሕር ዛፉ ቢቆረጥ ነገ ከገበያ ችግኝ ገዝቶ መተካት ይቻላል። ለጥቁር እንጨቷ ግን አሥር ችግኝ ከመትከል በፊት የእርሷ ፍሬ ሊለቀም፣ ሳይውል ሳያድር ሊዘራና ሊበቅል ይገባል፤ የበቀለውም እርሷን አክሎ ጥላ እስኪሆን የዛሬ ሕፃናት ሽማግሌ ይሆናሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ዛፍ ወይስ ሕዝብ» አይደለም። አዳራሹ ጥቂት ክንድ ወደ ባሕር ዛፉ ወገን ቢዞር ምን ያህል ወጪ ይጨምራል የሚል ነው፤ ይህንንም የሚመልሰው መሐንዲሱ ነው። ኮሚቴው ንድፉ እንደ ገና እንዲታይ ጠይቋል፤ ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ውሳኔ አልተሰጠም። ወጣቶቹ ግን ከሥሯ ያገኙትን ፍሬ ለቅመው በአፈር በተሞላ ከረጢት ዘርተዋል። አረጋዊው ጠባቂም በየማለዳው ውኃ ያጠጣሉ።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑን እናስተምራለን። መጠበቅ ከማወቅ በኋላ ነው፤ ስሙን የማያውቀውን የሚጠብቅ የለም። እያንዳንዱ አጥቢያ ምሳር ከማንሣቱ በፊት መዝገብ ቢያነሣ፣ ልጆቻችን «ቀጋው ወዴት ሄደ?» ብለው በማይጠይቁበት አገር ይኖራሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችሁ ቅጽር ስንት ዓይነት ዛፍ አለ? ከወገኑ አንድ ብቻ የቀረው የትኛው ነው? ከሥሩስ ችግኝ አለ?

2. ከአረጋውያን ስማቸውንና ጥቅማቸውን ጠይቃችሁ፣ ወጣቶች የማያውቋቸውን አምስት ዕፅዋት መዝግቡ።

3. የጠበሉ ወይም የምንጩ መውረጃ አረንጓዴ የሚሆነው በየትኛው ወር ነው? ብርሃን፣ እርጥበትና ከላይ የሚወርደው ቆሻሻ ምን ድርሻ አላቸው?

4. ልማት በዛፍ ቁጥር ብቻ ሲለካ ምን ይደበቃል? በአጥቢያችሁ ሪፖርት ውስጥ ምን ሊጨመር ይገባል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።